ከመክፈል በፊት የሚጠየቅ መረጃ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሸማቾች የተዘጋጀ መመሪያ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገባ ዕቃ፣ ዳገቱን ወጥቶ ደሴ ሱቅ ላይ እስኪደረደር ድረስ በብዙ ሰው እጅ ያልፋል። ከአስመጪው ወደ ጅምላ ነጋዴው፣ ከጅምላ ነጋዴው ወደ ቸርቻሪው ሲተላለፍ ካርቶኑ ይቀደዳል፣ ኩንታሉ ይፈታል፣ ጀሪካኑ በሊትር ይቀዳል፤ በዚህም መካከል ዕቃውን ማን እንደ ሠራው፣ መቼ እንደ ተመረተና ከምን እንደ ተሠራ የሚናገረው ጽሑፍ ከዕቃው ይለያል። ሸማቹ ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ «አብሽሩ፣ ኦርጅናል ነው» የሚል የሻጭ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ነገ ክርክር ቢነሣ በቃል የተባለውን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ሐሳብ አንድ ነው፦ ስለ ዕቃው የተነገረን ነገር ገንዘቡ ከኪሳችን ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ እንዲታይ፣ ከወጣም በኋላ በጽሑፍ እንዲቀር ማድረግ።

ሕጉ ለሸማቹ የሰጠው

መነሻው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ በነጋዴው ዘንድ በአክብሮት የመስተናገድና ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ፣ እንዲሁም ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። የዕቃውን ጥራት ወይም አማራጭ ስለተመለከተ ወይም በዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ይህ የመጨረሻው በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል እንጂ፣ በእኛ አገር ብዙ መብት የሚቀረው በነጋዴው ክፋት ሳይሆን በሸማቹ ይሉኝታ ነው፤ አሥር ጥያቄ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት ነውር መስሎ ስለሚታየን ወይ ሳንጠይቅ እንገዛለን፣ ወይ ስለጠየቅን ብቻ እንገዛለን። ጠይቆ አለመግዛትን ሕግ የጠበቀው መሆኑን ማወቅ ይሉኝታውን በመጠኑም ቢሆን ያቀልላል።

በነጋዴው በኩል ደግሞ አዋጁ ዋጋን በግልጽ በሚታይ ቦታ የመለጠፍ፣ በዕቃው ላይ ገላጭ ጽሑፍ የመኖርና ደረሰኝ የመስጠት ግዴታን ጥሎበታል። ስለ ዕቃው ጥራት፣ መጠን፣ ምንጭ ወይም ይዘት የሚያሳስት መረጃ መስጠት፣ ያገለገለውን ወይም የታደሰውን አዲስ ነው ብሎ መሸጥ፣ ምንጩ ያልታወቀ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብ የተከለከለ ነው። «ለሽያጭ ማቅረብ» የሚለውን ልብ ይሏል፤ ጊዜው ያለፈበት የሕፃናት ምግብ መደርደሪያ ላይ መገኘቱ በራሱ ለጥቆማ በቂ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ገዝቶ መጎዳት አያስፈልግም።

በአዋጁ ትርጉም ሸማች ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ሰው ነው፤ ዋጋውን ራሱ ባይከፍልም ለውጥ የለውም። ከደሴ በጅምላ ገዝቶ ሐይቅ ወይም ውጫሌ ወስዶ የሚቸረችር ሰው ግን በዚያ ግዥው ሸማች አይባልምና፣ የእርሱ ጉዳይ በውልና በሌሎች የንግድ ሕጎች ይታያል።

ቀኑን ማንበብ

ገላጭ ጽሑፍ ላይ ከሁሉ በፊት የሚታየው ቀን ነው፤ የሚያሳስተውም እርሱ ነው። በገበያችን ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠርም ሆነ በአውሮፓ አቆጣጠር የታተሙ ቀኖች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ በመካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ አንዱን በሌላው ማንበብ ያለቀበትን ዕቃ ገና ዓመታት የቀሩት ሊያስመስለው ይችላል። ለምሳሌ «12/03/2018» የሚል የማብቂያ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2025 ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ግን ያ ዕቃ ካለቀበት ዓመታት አልፈውታል። በዚያ ላይ አንዳንድ አምራቾች ወርን ከቀን ስለሚያስቀድሙ፣ «03» ቀን ይሁን ወር ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም።

መፍትሔው ሁለቱን ቀኖች አብሮ ማንበብ ነው። የተመረተበት ቀን የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይነግረናል፤ ገና ያልደረስንበት ዓመት እንደ ማምረቻ ቀን ተጽፎ ካየን አቆጣጠሩን አሳስተን እያነበብን ነው ማለት ነው። ከዚያ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ርቀት ማየት ይገባል፤ በአምራቹ የተሰጠው ዕድሜ ሁለት ዓመት ከሆነ ሁለቱ ቀኖች ከዚያ ሊርቁ አይችሉም። ከዓመቱ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ካለ ጥርጣሬው በዚያው ያበቃል፤ ከሌለ ሻጩን መጠየቅ፣ ሻጩም ካላወቀ ዕቃውን መተው ነው። ቀኑ በተለጣፊ ወረቀት ከተሸፈነ፣ ቀለሙ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ወይም ቁጥሮቹ በእጅ የተነካኩ ከመሰሉ፣ ዕቃውን መልሶ አስቀምጦ ሌላ መጠየቅ እንጂ ከሻጩ ጋር መከራከር አያስፈልግም።

ከቀኑ ቀጥሎ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የተመረተበት አገር፣ የተጣራ ክብደት፣ ይዘቱና የአቀማመጡ መመሪያ ይነበባል። ኮዴክስ በመባል በሚታወቀው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ መሠረት ይዘቱ የሚጻፈው በክብደት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው፤ «የማንጎ ጭማቂ» ተብሎ በፊት ለፊቱ በትልቁ የተጻፈበት ጠርሙስ ጀርባ ውሃና ስኳር ቀድመው ማንጎው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ከመጣ፣ የተገዛው ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም። የአቀማመጥ መመሪያውም በአካባቢያችን ትርጉም አለው። ደሴ ብርዱ የሚጠብቀው ዕቃ ኮምቦልቻ ወርዶ በቆርቆሮ መጋዘን ወይም በፀሐይ በተመታ በረንዳ ላይ ሲከርም በሌላ ሁኔታ ውስጥ ነው ያለው፤ «ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ» የተባለ ዕቃ ደጅ ተደርድሮ ከታየ የማብቂያ ቀኑ ሳይደርስም ሊበላሽ ስለሚችል፣ ቀኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወረውን አንድ ምክር ግን አይከተሉ። የባርኮድ የመጀመሪያ ሦስት ቁጥሮች ዕቃው የተሠራበትን አገር ያሳያሉ የሚባለው ስሕተት ነው፤ ቁጥሮቹ የሚያሳዩት ድርጅቱ የባርኮድ ቁጥሩን የተመዘገበበትን አገር እንጂ ፋብሪካው ያለበትን አይደለም። ጽሑፉ በቻይንኛ ወይም በዐረብኛ ብቻ ሲሆን ደግሞ፣ ወሎ ውስጥ ቁርአን የቀራ ሰው የዐረብኛውን ፊደል ሊያነብ ቢችልም የኬሚካሉን ስም መረዳት ሌላ ጉዳይ ነውና፣ ሻጩ ይዘቱን በሚገባ ማስረዳት ካልቻለ በተለይ የሚበላና ቆዳ ላይ የሚቀባ ነገር አለመግዛት ይመረጣል።

ተከፍቶ የሚሸጥ ዕቃ

በጭልፋ የሚቀዳ ዘይት፣ ከኩንታል የሚሰፈር ዱቄት፣ በፌስታል የሚቋጠር ጨው ገላጭ ጽሑፍ የላቸውም። መብቱ ግን ጽሑፉ ከተቀደደው ጆንያ ጋር አብሮ አይቀርም። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሲገዙ የመጣበትን ጀሪካን ወይም ጆንያ ለማየት ይጠይቁ፤ «ጋሼ፣ ጀሪካኑን ቢያሳዩኝ» ማለት ማንንም አያስቀይምም፣ የሚያስቀይመው ነጋዴ ቢገኝ ደግሞ ያ ራሱ አንድ መረጃ ነው። ዘይት ከሆነ ከምን እንደ ተጨመቀ፣ ቫይታሚን የተጨመረበት መሆኑንና የማብቂያ ቀኑን ያንብቡ። የምግብ ጨው በአዮዲን መበልጸግ እንዳለበት በደንብ ቁጥር 204/2003 ተደንግጓል፤ ከፋብሪካ በታሸገ ፓኬት የሚገዛ ጨው አዮዲን ያለው ስለመሆኑ ጽሑፍ ሊኖረው ሲገባ፣ ከጆንያ የሚሰፈረው ለአየርና ለፀሐይ ስለሚጋለጥ አዮዲኑ እየቀነሰ ይሄዳል። እንቅርት ለሚታይበት ደጋ አገር የፓኬቱ የዋጋ ልዩነት ውድ አይባልም።

ቅቤ፣ ማርና የተፈጨ በርበሬ ላይ በዓይንና በጣት መፈተን ያን ያህል አያስኬድም። በየቤቱ የሚነገሩት መፈተኛዎች ጥርጣሬ ከመፍጠር አልፈው ማረጋገጫ ሊሆኑ አይችሉም፤ ባዕድ ነገር ለመቀላቀሉ ማረጋገጫው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚያዋጣው ከሚታወቅ ደንበኛ መግዛት፣ በርበሬን ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት፣ ከተጠራጠሩም የገዙትን ሳይጨርሱ ከነመያዣው አስቀምጦ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማቅረብ ነው።

ፌሮ፣ በሚዛን የሚፈተን ዕቃ

ቤት የሚሠራ ሰው በአንድ ግዥ የሚያወጣው ገንዘብ ለዓመት አስቤዛ ከሚያወጣው ሊበልጥ ስለሚችል፣ በዚህ ላይ ረዘም ያለ ቃል አይበዛም። ፌሮ በቁጥር ይጠራል፤ ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12 እያልን ስንጠራው ቁጥሩ የውፍረቱ መጠን በሚሊሜትር መሆኑን እየተናገርን ነው። በቤርጋ፣ ማለትም በሙሉ ዘንግ ቁጥር፣ ሲሸጥ ግን ገዢው ቁጥሩን አምኖ ይከፍላል እንጂ ውፍረቱን አይለካም፤ ባለ 12 ተብሎ የተሸጠው በእውነቱ 11 ሚሊሜትር ቢሆን በዓይን አይለይም።

የብረት ክብደት ግን አይዋሽም። የፌሮው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። በዚህ ስሌት 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ ባለ 8 ፌሮ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 10 ፌሮ 7.4 ኪሎ፣ ባለ 12 ፌሮ 10.7 ኪሎ፣ ባለ 14 ፌሮ 14.5 ኪሎ፣ ባለ 16 ፌሮ ደግሞ 19 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይገባል። ባለ 12 ተብሎ 11 ሚሊሜትር የሆነው 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከእያንዳንዱ ቤርጋ 1.7 ኪሎ ያህል ብረት ጎድሏል ማለት ሲሆን፣ ጉድለቱ የሚቆጠረው በብር ብቻ ሳይሆን በአምዱና በሶሌታው ጥንካሬም ጭምር ነው። በምርት ሂደት የሚፈጠር የጥቂት በመቶ ልዩነት በደረጃም የሚታወቅ ስለሆነ በግራም አይጣሉ፤ ከአሥር በመቶ በላይ የሚጎድልን ፌሮ ግን በተጠራበት ቁጥር ዋጋ መክፈል አይገባም። ከመጫኑ በፊት ከክምሩ መካከል፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም፣ የተወሰኑ ቤርጋዎችን መርጦ ርዝመታቸውን መለካትና ማስመዘን ተገቢ ነው። በተቻለ መጠን ደግሞ በኪሎ ሒሳብ ይግዙ፤ ያኔ የቀጠነው ፌሮ ለሻጩ ትርፍ አይሆንለትም።

ሲሚንቶ ላይ የሚነበበው በከረጢቱ የታተመው ዓይነትና የጥንካሬ ደረጃ ነው። ኦፒሲ (OPC፣ መደበኛው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) የተባለው ብዙ ጊዜ ለአምድ፣ ለቢምና ለሶሌታ ኮንክሪት፣ ፒፒሲ (PPC፣ ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) የተባለው ለግንብና ለልስን ይውላል፤ 32.5 እና 42.5 የሚሉት ቁጥሮችም የጥንካሬ ደረጃዎች ናቸው። አናጢው ወይም መሐንዲሱ የትኛውን እንዳዘዘ በጽሑፍ ይዘው ይሂዱ። የከረጢቱ ስፌት በእጅ እንደገና የተሰፋ ከሆነ 50 ኪሎ መሆኑን አስመዝነው ይቀበሉ።

መድኃኒት

መድኃኒትና ምግብ የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ጥቆማ በነፃ የስልክ መስመር 8482 ይቀበላል። በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ያለውን ማሸጊያ ማየት የተለመደ ባይሆንም መብት ነው። በተለይ እንክብሉ ከተደረደረበት ማሸጊያ ተቆርጦ ሲሰጥ የማብቂያ ቀኑ የታተመበት ጫፍ በሌላው ቁራጭ ላይ ሊቀር ስለሚችል፣ ባለሙያው ካርቶኑን እንዲያሳይዎትና የማብቂያ ቀኑንና የባች ቁጥሩን (አብሮ የተመረተውን ክምችት መለያ ቁጥር) በፖስታው ላይ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። ከመድኃኒት ቤት ውጭ፣ በመንገድ ዳር ወይም በተራ ሱቅ የሚሸጥ መድኃኒት ገላጭ ጽሑፉ የተሟላ ቢሆን እንኳ አይገዛም፤ እንዴት ተከማችቶ እንደቆየ የሚናገር ማንም የለምና።

ደረሰኙ

ገላጭ ጽሑፉ የዕቃውን ማንነት ይናገራል፤ ያንን ዕቃ ከዚያ ሱቅ መግዛታችንን የሚናገረው ግን ደረሰኙ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ደረሰኝ የሚጠይቀው ለግብር ሲባል ይመስለዋል፤ በእርግጥም ለግብር ይጠቅማል፣ ለሸማቹ ግን ከሁሉ በላይ ማስረጃው ነው። ስለዚህ መቀበል ብቻ አይበቃም፣ ቆሞ ማንበብ ይገባል። የሻጩ የንግድ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ዋጋውና በተለይ የዕቃው ስም በትክክል መጻፉን ይመልከቱ። «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል ደረሰኝ ስለ ምንም ነገር አይመሰክርም። ስልክ፣ ቴሌቪዥን ወይም ምጣድ ከሆነ ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ እንዲጻፍ፣ ሻጩ በቃል «ለአንድ ዓመት ዋስትና አለው» ያለውም በደረሰኙ ጀርባ ተጽፎ እንዲፈረምበትና ማኅተም እንዲያርፍበት ያድርጉ። የማሽን ደረሰኝ ወረቀት በሙቀት የሚታተም በመሆኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ያኑ ዕለት ፎቶ ያንሡት። የተለጠፈው ዋጋና የተከፈለው ከተለያዩም የሚያዋጣው እዚያው ሳይወጡ መጠየቅ ነው።

«ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልዎት» የሚለው ሐሳብ በየጊዜው ይቀርባል። የቀነሰው ብር ስንት እንደሆነ አስልተው፣ በዚያ ዋጋ የመመለስና የመለወጥ መብትዎን እየሸጡ መሆኑን አውቀው ይወስኑ፤ ሕጉ ግን ደረሰኝ መስጠትን ግዴታ እንጂ የድርድር ጉዳይ አላደረገውም።

ጉድለት ሲገኝ

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ነጋዴውን መጠየቅ ይችላል። ለሸማቹ ከዚህ የተሻለ የዋስትና ውል ካለ ውሉ ይሠራል። በየሱቁ ግድግዳና በደረሰኝ ግርጌ የምናነበው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ፣ ቀለሙ አልወደድኩትም ወይም ሐሳቤን ለወጥሁ ለሚል ገዢ መልስ ሊሆን ይችላል፤ ጉድለት ላለበት ዕቃ ግን ማስታወቂያ አዋጅን አይሽርም። አሥራ አምስቱ ቀን በፍጥነት ያልቃልና ዕቃውን ቤት እንደገቡ ከፍተው ይሞክሩ፤ ለሠርግ ወይም ለበዓል ተብሎ ታሽጎ የሚቆይ ዕቃ ጊዜው በማሸጊያው ውስጥ እንዳለ ሊያልፍበት ይችላል። ቀን ሲቆጥሩም በማሽን ደረሰኝ ላይ ያለው ቀን አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ።

መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሻጩ ነው። ዕቃውን ከነማሸጊያው፣ ደረሰኙንና ፎቶውን ይዞ፣ ቢቻል ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሄዶ በረጋ ቃል ማስረዳት አብዛኛውን ጉዳይ ይፈታል፤ ነጋዴውም ከጅምላ ሻጩ ያው ቃል ብቻ ደርሶት ሊሆን ይችላልና። ካልፈታ በከተማ አስተዳደሩ ንግድን ወደሚመራው መምሪያ በጽሑፍ ማመልከት ነው። በፌዴራል ደረጃ ቀድሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ሥራ፣ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ስለተላለፈ፣ የድሮውን ስም ይዘው መፈለግ አያስፈልግም። ጉዳዩ የምግብ ወይም የመድኃኒት ከሆነ የከተማውን የጤና ተቆጣጣሪዎች ወይም 8482ን ይጨምሩ፤ ዕቃው በሰው ላይ ጉዳት አድርሶ ከሆነ ደግሞ የሕክምና ማስረጃ ይዞ ለፖሊስ ማመልከትና በፍርድ ቤት ካሣ መጠየቅ ይቻላል።

ማመልከቻው መርዘም የለበትም። የሚከተለውን ክፍት ቦታውን እየሞሉ መጠቀም ይቻላል፦

«ጉዳዩ፦ ጉድለት ያለበት ዕቃ ስለመሸጡ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል። እኔ አመልካች በ… ቀን ከ… ሱቅ በደረሰኝ ቁጥር … በብር … የገዛሁት … በገላጭ ጽሑፉ ላይ … ተብሎ የተገለጸ ሲሆን፣ በ… ቀን ስመለከተው … ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በ… ቀን ለሻጩ አመልክቼ … የሚል መልስ ሰጥቶኛል። ስለሆነም በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ዕቃው እንዲለወጥልኝ ወይም ዋጋው እንዲመለስልኝ እንዲደረግ እየጠየቅሁ፣ የደረሰኙንና የፎቶግራፎቹን ቅጂ … ገጽ አያይዤ አቅርቤአለሁ።»

ማመልከቻው ላይ ስለ ነጋዴው ጠባይ አይጻፍ፤ ስለ ዕቃው፣ ስለ ቀኑና ስለተባለው ነገር ብቻ ይጻፍ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን በመዝገብ ቤት ካስገቡ በኋላ፣ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ገቢ የተደረገበት ቁጥርና ቀን እንዲጻፍበትና ማኅተም እንዲደረግበት ያድርጉ። ዋናውን ደረሰኝና ዕቃውን ለማመሳከር ያሳዩ፤ ለምርመራ ካስፈለጉና ማስረከብ ግድ ከሆነም፣ የተረከበው ሠራተኛ ስምና ፊርማ ያለበት መረከቢያ ሳይቀበሉ አይስጡ።